ከማድ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍል

ሰውየው ድንጋይ ሲክብ መስመር አይስትም። የሥራ ጓደኞቹ ገና በወጣትነቱ «ቱንቢ» ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው፤ ቱንቢ ግንበኛ ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚያይበት፣ ከክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ቀጥ ማለቱ ለግድግዳ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቱንቢ ግን በሐሳቡም ያው ነው፤ አንዴ ቀጥ ካለ የሚያጎብጠው የለም። ሰው አገር ሄዶ ከብርድ ጋር ግብግብ የገጠመበትን ያንን ክረምት ያስረዘመበትም ይኸው አመሉ ነውና ሌላ ማንንም አይውቀስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱንና ልጁን ትቶ ከወጣ አምስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ሦስት ዓመቷ የነበረችው ልጅ አሁን ስምንት ሞልቷታል፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ ውስጥ፣ ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው። እነሱን የሚያመጣበት ፈቃድ ከስንት ምልልስ በኋላ ሊያልቅ ሲል ከቤተሰብ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ልጅቱ የራሷ ክፍል ሊኖራት ይገባል፤ የክፍሉ ሙቀት በክረምት ከአሥራ ስምንት ዲግሪ መውረድ የለበትም፤ ተቆጣጣሪ መጥታ ትለካለች። ካልሞላ ፋይሉ ይዘጋና ማመልከቻው እንደ አዲስ ይጀመራል። እንደ አዲስ ማለት ሌላ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ቱንቢ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበና «ይሄማ ቀላል ነው» አለ። ዕድሜ ልኩን ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው አንድ ክፍል ማሞቅ ሊያቅተው ነው እንዴ?

አቃተው።

ከከተማ ወጥቶ ገጠር የገባውም ለዚሁ ሲል ነበር። ከተማ ውስጥ ከሦስት ወንደላጤዎች ጋር አንድ ክፍል ይጋራ ነበር፤ ለልጅ የሚሆን ክፍል ቀርቶ ለጫማው የሚሆን ጥግ አልነበረውም። የሚሠራበት፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ባለቤት፣ ወላጆቹ ከሞቱ ወዲህ ተዘግቶ የከረመ የገጠር ቤት ነበረውና ያንን አከራየው። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ይወፍራል። በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት ማድ ቤቱን ነው። እዚያ የብረት ምድጃ ቆሟል፤ ጭሱ በግንቡ ውስጥ ለውስጥ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ከምድጃው ጀርባ፣ ያንኑ ግንብ ተደግፋ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ትንሿ መስኮቷ የምታሳየው የእንጨት ክምር ብቻ ነው። ከዚያ ረጅም መተላለፊያ፣ በመተላለፊያው ጫፍ ደግሞ ትልቁ ክፍል።

ትልቁ ክፍል የእውነት ክፍል ነው። ሦስት መስኮት አለው፣ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ሜዳውን እስከ ጫካው ድረስ ያሳያል። ቱንቢ መሐሉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘና የልጁን አልጋ ቦታ በዓይኑ መረጠ። የራሱን ፍራሽ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ወረወረው። የዚያኑ ዕለት ለልጁ ደውሎ «ባለ ሦስት መስኮት ክፍል ይዤልሻለሁ!» አላት፤ የእልልታዋ ድምፅ የስልኩን ማጉያ አንቀጠቀጠው።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ ጎረቤቱ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ እሱ በልቡ «ፖስተኛዋ» ይላቸዋል። የመንደሩን ቤት ሁሉ ገበና ያውቃሉ፣ ያወቁትንም በሆዳቸው አይዙም። ትልቁን ክፍል እየተኩራራ ሲያሳያቸው እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ ሳያወጡ ከደጃፉ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ማን ሊተኛ ነው?»

«ልጄ ናታ! ስትመጣ።»

«በክረምት?»

«በክረምትም በበጋም።»

«እዚህ ክፍል በክረምት ሰው ተኝቶበት አያውቅም» አሉት። «ድሮ ድንች ነበር የሚያስቀምጡበት። ልጆቹ አምስቱም ያደጉት እዚያች ከምድጃው ጀርባ ያለችው ውስጥ ነው።»

ቱንቢ ፈገግ ብሎ ሸኛቸው። በሩን ከዘጋ በኋላ ግን ተቆጣ። ለልጁ የመረጠው ክፍል የድንች ማከማቻ ተባለበት። አምስት ልጅ ማድ ቤት ጥግ አጉሮ ያሳደገ ሰው የቤት አያያዝ ያውቃል ተብሎ ነው ምክር የሚመጣለት? የፖስታ ሠራተኛስ ስለ ቤት ምን አገባት? እንዲህ እያለ ብቻውን ሲነታረክ አመሸ።

ብርዱ እውነተኛ መልኩን ያሳየው በሁለተኛው ወር ነው። ቱንቢ ቴርሞሜትር ገዝቶ ትልቁ ክፍል ውስጥ ሰቀለ። ዘጠኝ አለ። አንዱን አላምን ብሎ ሁለተኛ ገዛ፤ ሁለተኛውንም አላምን ብሎ ሦስተኛ። ሦስቱም ዘጠኝ አሉ።

እሺ፣ ሥራ ነዋ! ለሥራ መቼ ታማ? የመስኮቶቹን ጠርዝ ዙሪያውን በስቱኮ ደፈነ። በላያቸው ላይ ላስቲክ ወጠረባቸው፣ በላስቲኩ ላይ ሌላ ላስቲክ። ወለሉን በምንጣፍ ሸፈነ። ጣሪያው ከፍ ያለ በመሆኑ ሙቀቱ ወደ ላይ እያመለጠ ነው ብሎ በኮምፔንሳቶ ጣውላ አዲስ ኮርኒስ ሠራ፤ ከካባ ሲመለስ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ሚስማር በጥርሱ ነክሶ፣ አሥር ቀን ሙሉ። ኮርኒሱ በውሃ ልክ ቢለካ ቅንጣት የማይዛነፍ፣ ዓይን የሚማርክ ሥራ ሆነ። ክፍሉ አሥራ አንድ ገባ።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አመጣ። አሥራ ሦስት። ሁለተኛ ማሞቂያ ሲሰካበት ብሬከሩ ወርዶ ቤቱ ድርግም አለ። የምድጃው ሙቀት በመተላለፊያው ይምጣ ብሎ በሮቹን ሁሉ ከፈታቸው፤ ማድ ቤቱ ቀዘቀዘ፣ መተላለፊያው ሞቀ፣ ትልቁ ክፍል ግን ወይ ፍንክች! በመተላለፊያ ማን ይተኛል? ያ ብረት ምድጃ ደግሞ እንጨት ሲውጥ ለጉድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሲፈልጥ ውሎ የደረደረው ክምር በሳምንቱ አመድ ሆኖ በባልዲ ይወጣል። የካባው ሠራተኞች ጠዋት ጠዋት እንደ ኳስ ውጤት «ዛሬስ ስንት ገባ?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር። መጀመሪያ አካባቢ ይመልስላቸው ነበር፤ በኋላ ግን መዶሻውን አንስቶ ወደ ድንጋዩ ይዞራል።

ሚስቱ በስልክ ታሪኩን በየቀኑ ስትሰማ ሰንብታ አንድ ቀን እንዲህ አለችው።

«ስማኝማ፣ አንተ የምትተኛባት ክፍል ስንት ናት?»

«ሃያ። አንዳንዴ ሃያ አንድ። በከናቴራ ነው የምተኛው።»

«ታዲያ እሷን ለምን አትሰጣትም?»

«ልጄን? ማድ ቤት ጎን?»

«እና ምን አለበት?»

«አንቺ ደግሞ! ምን አለበት ትይኛለሽ? እኔ እዚህ ድንጋይ ስሸከም የምውለው ልጄን ከድስት ጋር ላስተኛት ነው?»

ሚስቱ ወሬ ቀየረች። ነገሩ ከየት እንደመጣበት ታውቃለች። የቱንቢ እናት የሰው ቤት ወጥ ቤት ነበረች። ባለቤቶቹ ሰፊ ግቢና ባለ ብዙ ክፍል ቤት ነበራቸው፤ እናትና ልጅ ግን የሚያድሩት ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የከሰል መጋዘን በነበረች ክፍል ውስጥ ነበር። ልብሱ ቢታጠብም ባይታጠብም ጭስና ሽንኩርት ይሸታል። ትምህርት ቤት አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ በየጠዋቱ አፍንጫውን ይዞ «ወጡ ደረሰ?» ይለዋል፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ያወካል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ። እሱ ልጅ ሲወልድ ከማድ ቤት ጎን እንደማያስተኛ ለራሱ የማለው ያኔ ነው። ከቤቱ እመቤት ከእትዬ ይልቅ የተናደደው በእናቱ ነበር፤ ለምን እሺ አለች? ለምን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ እዚህ አያድርም» አላለችም? ይህንን ለእናቱ በአፉ ነግሯት አያውቅም፤ በሆዱ ይዞት ግን ሽበት አወጣ።

ተቆጣጣሪዋ የምትመጣበት ቀን ደረሰ። ቱንቢ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ቀርቷል። ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሁለቱን ማሞቂያዎች ብሬከሩ እንዳይወርድበት ተራ በተራ እየሰካ ሲነቅል አነጋ። ስምንት ጡቦች ምድጃው ውስጥ አግሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከልጁ አልጋ ሥር ደረደራቸው። ውሃ በድስት አፍልቶ ከመጋረጃዎቹ ጀርባ አስቀመጠ። ይሄ ማታለል ነው እንዴ? እሱ ማታለል ነው ብሎ አላሰበም፤ እንደ ሥራ ነው ያየው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱም ቴርሞሜትሮች አሥራ ስምንትን ረገጡ። ቱንቢ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን በፍቅር አየው።

ተቆጣጣሪዋ ግማሽ ሰዓት ዘገየች። ትሁት፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፦

«ማሞቂያዎቹን ይንቀሉልኝ፣ ይቅርታ» አለችው። «የምንለካው ከቤቱ ምድጃ ሌላ ሳይጨመርበት ክፍሉ በራሱ የሚይዘውን ሙቀት ነው።»

«በራሱ?»

«አዎ። አንድ ሰዓት እንጠብቃለን።»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቅጿን መሙላት ጀመረች። ቱንቢ በር ላይ ቆሞ ቁጥሩን ያይ ነበር። አሥራ ሰባት ተኩል። አሥራ ሰባት። ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ድስቶች እንደሆኑ በርደዋል። አሥራ ስድስት። በዚህ መሐል የብዕሯ ክዳን ወደቀና ተንከባልሎ አልጋው ሥር ገባ። ሴትየዋ ጎንበስ አለች፤ እንደ ጎነበሰች ቆየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጡብ ነው።»

«ጡብ መሆኑንማ እያየሁ ነው።»

ቱንቢ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሴትየዋ ግን አልተቆጣችም፣ እሱን ይበልጥ ያበገነውም ይኸው ነበር። ብትጮህበት እሱም ይጮህ ነበር፤ ይወጣለት ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ መለኪያው አሥራ ሦስት አለ። እሷም ቁጥሩን ጻፈች።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሼ መምጣት እችላለሁ» አለችው። «ከዚያ በኋላ ፋይሉ ከእጄ ይወጣል።»

ስትወጣ በማድ ቤቱ በኩል አለፈችና የጠባቧን ክፍል በር ገፋ አደረገችው። በእጇ የያዘችው መለኪያ ወዲያው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ሃያ፣ ሃያ አንድ።

«ይሄስ?»

«የኔ ነው።»

«ለልጅቷ ለምን አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

ቱንቢ በእሷ ቋንቋ ድንጋይ ማዘዝ ይችላል፣ ሐኪም ዘንድ ሕመሙን መናገር ይችላል፣ ከፖስተኛዋ ጋር መነታረክም ይችላል። «ወጡ ደረሰ?» የሚለውን ግን በየትኛውም ቋንቋ ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ሴትየዋ ትንሽ ጠብቃ ሰላምታ ሰጥታው ሄደች። ቱንቢ ያገኘውን ባልዲ በእግሩ ቢለው ባልዲው ውሃ ነበረበትና ማድ ቤቱ ጎርፍ ሆነ። ቀሪውን ቀን እየተራገመ ወለል ሲወለውል ዋለ።

እሑድ ቀትር ላይ እናቱ ዘንድ ደወለ። እሱ ከወጣ ወዲህ እናቱ የምትኖረው ከሚስቱና ከልጁ ጋር ነው። የደወለው ለአቤቱታ ነበር። ሚስቱም፣ ፖስተኛዋም፣ ተቆጣጣሪዋም ቢያብሩበት እናቱ ግን ትረዳዋለች፤ ያንን ኑሮ የኖረችው እሷ ናትና።

«እማዬ፣ ጉድ እኮ ነው። ልጄን ማድ ቤት ጎን አስተኛት እያሉኝ ነው።»

«ይሞቃል?»

«ይሞቃል። ነገሩ እሱ አይደለም እኮ!»

«ነገሩ ምንድን ነው?»

«እንዴ እማዬ! አንቺ ነሽ ይሄን የምትጠይቂኝ? እዚያ ከሰል ቤት ውስጥ እንደ ውሻ አስተኝተውን፣ ያ ሁሉ ክፍል ባዶውን እያደረ…»

ከእናቱ ኋላ የሆነ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ማን ያስተኛን ይመስልሃል?» አለችው።

«ማን ይሆናል፣ እትዬ ናቸዋ።»

«እትዬማ ፊት ለፊት፣ ከእንግዶቹ ጎን ያለችውን ክፍል ነበር የሰጡን። ሰፊ፣ መስኮት ያላት። አንተ አታስታውስም፣ ገና ዓመትህ ነው። ግን ወለሏ ሲሚንቶ፣ ፀሐይ የማይደርስባት። ሌሊቱን ስታስል ታድርና ጠዋት ከንፈርህ ይጠቁራል። ሐኪሙ ‹ይሄ ልጅ ብርድ አይችልም፣ ብርድ ካገኘው አይተርፍልሽም› አለኝ። የማድ ቤቱ እሳት የሚያሞቀውን መጋዘን እግራቸው ላይ ወድቄ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከሰሉን አውጥቼ፣ ግድግዳውን አጥቤ፣ አልጋውን በጀርባዬ ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እትዬ እንዲያውም ‹ሰው ምን ይለኛል› ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።»

ቱንቢ ወንበር ስቦ ምድጃው ፊት ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖበት ነበር።

«ምኑን ልንገርህ? ከዚያ በኋላ እኮ አላሳለህም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቱንቢ ምድጃው ፊት ተቀምጦ ቀረ። ቢያለቅስ ይቀለው ነበር፤ የመጣበት ግን ንዴት ነው። አርባ ዓመት የተሸከመው ቂም ድንገት ባለቤት አጣ። በማን ይናደድ? በእትዬ እንዳይናደድ ክፍል ሰጥተውታል። በእናቱ እንዳይናደድ አድናዋለች። ያ አፍንጫውን የሚይዝ ልጅ አሁን የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። የቀረው ራሱ ነው። ስንት ቅዳሜ፣ ስንት እሑድ፣ ስንት ሚስማር፣ ያ ሁሉ ኮርኒስ! በዚህ ግትርነቱ ልጁን ሌላ ሁለት ዓመት ሊያስቀራት ነበር፤ ገና ለገና ሽንኩርት ትሸታለች ብሎ።

በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ አልጋውን ማጓጓዝ ጀመረ። አልጋው በጠባቧ ክፍል በር አልገባ አለው። ለትልቁ ክፍል ብሎ በገዛ እጁ የሠራው፣ መጋጠሚያው ምላጭ የማያስገባ አልጋ ነው። ወደ ጎን አዞረው፣ አቆመው፣ ገለበጠው፣ ሰደበው። በመጨረሻ መጋዝ አመጣና ከወርዱ አንድ ስንዝር፣ ከርዝመቱም አንድ ስንዝር ቀነሰለት። ከእንጨቱ ይልቅ እሱ ነበር ሲቆረጥ የሚያመው። ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀባ፤ ግንቡ ሙቅ በመሆኑ ቀለሙ ብሩሹን ሳያነሳ ይደርቅ ነበር። ፖስተኛዋ በመስኮት አይተውት ኖሮ አንኳኩተው ገቡ።

«እንኳን ልብ ገዛህ» አሉት።

«ድንች የማስቀምጥበት አጥቼ ነው» አላቸው ጥርሱን ነክሶ። እሳቸው ግን ከልባቸው ሳቁ፣ የቀለሙን ባልዲም ያዙለት።

ተቆጣጣሪዋ በቀጠሮዋ ቀን መጣች። በመጀመሪያ ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር አየች፤ ባዶ ነው። መለኪያዋን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ትንሽ ቆይታ ኮቷን አወለቀች። ሰዓቱ ሲሞላ ሃያ ከግማሽ። ፈረመች። ቱንቢ ፊርማዋን እያየ ደስታውን ጠበቀው፤ ደስታው መጣ፣ ግን ደክሞት ነበርና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«እርስዎስ አሁን የት ነው የሚተኙት?» አለችው ወረቀቷን እየሰበሰበች።

«ትልቁ ክፍል።»

«የአዋቂዎቹን ክፍል ቅጹ አይጠይቅም» አለችና ፈገግ ብላ ወጣች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ደወለ። ሚስቱ ዜናውን ስትሰማ «እሰይ! እሰይ!» ብላ ስልኩን ጣለችው መሰለኝ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያሳይ ቆየ። ቀጥሎ የልጁ ፊት መጣ።

«አባዬ፣ ክፍሌን አሳየኝ! ሦስቱን መስኮት!»

«ስሚኝማ የኔ እመቤት፣ ክፍልሽን ቀይሬዋለሁ። ትንሽ ጠበብ ትላለች። ግን ግድግዳዋ ይሞቃል።»

«ስንት መስኮት አላት?»

«አንድ።»

«አንድ! ምን ያሳያል?»

«እንጨት።»

«ሦስት ብለኸኝ አልነበር? ለጓደኞቼ በሙሉ ሦስት ብዬ ነግሬያለሁ! ግድግዳ ምን ያደርግልኛል?» ዓይኗን ጠረገችና ከጀርባው ያለውን አየች፤ ሰፊውን ክፍል፣ አዲሱን ኮርኒስ፣ መስኮቶቹን። «አንተ አሁን የት ነህ?»

«ትልቁ ክፍል ነኝ።»

«እዚያ የምትተኛው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«አየህ! ጥሩውን ለራስህ ያዝክ!»

ሦስቱ ቴርሞሜትሮች ከፊቱ ተሰቅለዋል፤ ስልኩን ወደዚያ ቢያዞረው አንብባ ትረዳው ነበር። ስምንት ይላሉ። ቱንቢ ኮፍያውን ወደ ጆሮው ሳብ አደረገ፤ ስልኩን ግን አላዞረውም።

«አዎ» አላት፣ «ጥሩውን ለራሴ ያዝኩ።»